የሐዘን ልብስ ዋጋ

የመጀመሪያ ቀን ማሽን አልነካሁም። የሱቁ ባለቤት እትዬ ብርነሽ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጡኝና አንድ የሙሽራ ልብስ ጭኔ ላይ ጥለው ስፌቱን እንድፈታ አዘዙኝ። «መስፋት የሚችል ሞልቷል። ጨርቁን ሳይጎዳ የሚፈታ ነው የጠፋው» አሉ። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለው ሱቃቸው በአንድ ምግብ ቤትና በአንድ ፀጉር ቤት መካከል የተሰነቀረ ጠባብ ክፍል ነው። ሁለት የስፌት ማሽን፣ የጨርቅ ጠርዝ የሚቋጭ አንድ ኦቨርሎክ፣ የካውያ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ደግሞ በመጋረጃ የተከለለ የልብስ መለኪያ አለው።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ጥቁር ጨርቅ በፌስታል ይዛ ገባች። እትዬ ብርነሽ ሌላ ደንበኛ ቆሞ የሚጠብቀውን ሱሪ ከማሽኑ ላይ አንስተው ለኳት፣ ቆረጡ፣ ሰፉ። ሴትየዋ ቦርሳዋን ስትከፍት «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብለው ፊታቸውን ወደ ማሽኑ መለሱ።

ሴትየዋ ስትወጣ ወደ እኔ ዞሩ። «የሐዘን ልብስ ላይ ዋጋ አይነገርም። በዚህ ቤት እንዲህ ነው። ካልተስማማሽ ነገ አትምጪ።»

በማግስቱ መጣሁ።

ሥራው በድርሻ ነበር። ከሰፋሁት ላይ ግማሹ የእኔ፣ ግማሹ የሱቁ። ስመጣ እመጣለሁ፣ ስጨርስ እሄዳለሁ። ብዙው ሥራ ማሳጠርና ማጥበብ ነው። የሀበሻ ቀሚስ ማሳጠር ከታች ቆርጦ መዘምዘም የሚመስለው ሰው አለ። ጥለቱ ያለው ከታች ስለሆነ ከታች አይቆረጥም። ወገቡ ተፈትቶ፣ ትርፉ ከላይ ተቆርጦ፣ ተመልሶ ይገጠማል። እዚህ የተወለዱት ልጆች «ዝም ብለሽ ከታች ከት አድርጊው» ይሉኛል። አልመልስላቸውም፤ ሠርቼ እሰጣቸዋለሁ።

ባለቤቴ ግርማ ካልቨር ሲቲ አንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር መኪና የሚያቆም ሠራተኛ ነበር። ከሥራ ሲወጣ በሱቁ በኩል ያልፍና እኔ እስክጨርስ ካውያው አጠገብ ያለች በርጩማ ላይ ይቀመጣል። እዚያ የሚያገኛቸው ጋሼ ተፈራን ነው። ጋሼ ተፈራ ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌር ናቸው። የሚሰፋ ነገር ኖሯቸው አያውቅም፤ የሚመጡት ለክርክር ነው።

«መንግሥት ከኪሴ ወስዶ ለማይሠራ ሰው ሊሰጥ ነው» ይላሉ ጋሼ ተፈራ።

«እርስዎ ዛሬ ምን ሲሠሩ ዋሉ?» ይላቸዋል ግርማ።

«እኔማ በጊዜዬ ሠርቻለሁ።»

«ከጠዋት ጀምረው እዚህ እንደተቀመጡ ሰብለ ነግራኛለች።»

ይሳሳቃሉ። እኔ የካውያው እንፋሎት ላይ ቆሜ ሁለቱም ቶሎ ዝም እንዲሉልኝ እመኝ ነበር።

ግርማ በልብ ሕመም ሞተ። ይህ ጽሑፍ ስለ ሥራ ስለሆነ ከዚያ በላይ ስለ እሱ አልጽፍም።

እትዬ ብርነሽ ያን ጊዜ ሱቁን ለወንድማቸው ልጅ ለሰሎሞን ትተው ኖርዝ ሆሊውድ ልጃቸው ዘንድ ነበሩ። ዓይናቸው ደክሟል። ለቅሶ ቤት ሲመጡ በእጃቸው የሰፉትን ጥቁር ቀሚስ ይዘውልኝ መጡ። የግራ ትከሻው ተጣሟል፣ አንዱ እጅጌ ከሌላው ይረዝማል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ገና ሲዘረጉት አየሁት። እስከ ዛሬ አላስተካከልሁትም።

ወደ ሥራ ስመለስ ሱቁ ተለውጦ ጠበቀኝ። የሰሎሞን የሒሳብ ሠራተኛ፣ በሱቁ ማሽን ስለምሠራ በሕጉ መሠረት በድርሻ ልሠራ እንደማልችል፣ በሰዓት የሚከፈለኝ ተቀጣሪ መሆን እንዳለብኝ ነግሮታል። በሩ ላይ የሥራ ሰዓት የሚመዘግብ ታብሌት ተሰቅሏል። ስገባ ክሎክ ኢን፣ ስወጣ ክሎክ አውት አደርጋለሁ። የምሳ ሰዓት ሲደርስ ይጮኻል። ግማሽ እጅጌ መርፌው ሥር ይዤ ይጮኻል። ካላቆምሁ ሰሎሞን ራሱ መጥቶ መብራቱን ያጠፋብኛል።

ሕጉ መጥፎ ነው አልልም። ዳውንታውን፣ መሃል ከተማው ውስጥ፣ በሰፉት ቁራጭ ብዛት እየተከፈላቸው ሲሰፉ ውለው ውኃ ለመጠጣት እንኳ ፈቃድ የሚጠይቁ ሴቶች አውቃለሁ። ለእነሱ ያ ታብሌት በረከት ነው። እኔን ግን አበሳጨኝ።

አንድ ቀን ሥራ ከጨረስሁ በኋላ እናቷ የሞተችባት ልጅ መጣች። ጥቁር ቀሚስ ገዝታ በጣም ሰፍቷታል። መጋረጃው ውስጥ አስገብቼ ለካኋት፣ የራሷን ልብስ ለብሳ እንድትጠብቀኝ ነግሬ ወደ ማሽኑ ተመለስሁ። ሰሎሞን ከጓዳ ወጣ።

«እትዬ ሰብለ፣ ክሎክ አውት አድርገሽ የለ እንዴ?»

«አድርጌአለሁ።»

«ታዲያ ምን እየሠራሽ ነው?»

«የምታየውን።»

«እንደሱ አይቻልም። ሰዓትሽ ሳይመዘገብ መሥራት ክልክል ነው። ቢደረስበት የምቀጣው እኔ ነኝ።»

«እሺ፣ መልሼ ክሎክ ኢን ላድርግ።»

«ኦኬ፣ ግን ከዛ እኔ ልከፍልሽ ነው። እኔ ከከፈልኩ ልጅቷ መክፈል አለባት።»

«በነጻ ልሥራ እያልሁህ ነው። ከፈለግህ እፈርምልሃለሁ።»

«ብትፈርሚም አይሆንም። ሕጉ አንቺን ለመጠበቅ ነው።»

«ከማን?»

«ከእኔ» አለ።

ልጅቷ ከመጋረጃው ኋላ ሁሉንም ትሰማለች። ወጥታ «ችግር የለም፣ እከፍላለሁ» አለች። ሰሎሞን ወለሉን እያየ ዋጋ ነገራት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጆሮው ቀልቶ ነበር። እኔ እዚያ ቤት የሐዘን ልብስ ዋጋ ሲነገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። በማግስቱ ግድግዳው ላይ ካለው የዋጋ ዝርዝር ግርጌ «ጥቁር ልብስ» የሚል መስመር ጨመረ።

መስመሩ በተጨመረበት ዕለት የሰሎሞን ልጅ ሜሮንም ነበረች። ዌስትውድ ያለው ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፣ አባቷን ልታግዝ ትመጣለች። የሆነውን ስትሰማ ዓይኗ በራ።

«ያ እኮ ነው ፖይንቱ» አለች። «መሠረታዊ ገቢ ቢኖር፣ ለሁሉም ሰው በየወሩ የሚበቃው ገንዘብ ቢሰጠው፣ እትዬ ሰብለ ማንም የማይከፍልበትን ሥራ በነጻ ትሠራ ነበር።»

ጋሼ ተፈራ ከወንበራቸው ተነሡ። «ማን ከፍሎ? የእኔ ታክስ አይደለም? ለሁሉም ገንዘብ ከታደለ ማን ታክሲ ይነዳል?»

«አሁንስ ማን ይነዳል ጋሼ? ሁሉም በስልክ አፕ ነው።»

«እሱንም መንግሥት ዝም ብሎ ስላየ ነው።»

«ሶ፣ መንግሥት ይግባ ነው ወይስ ይውጣ ነው የምትለው?»

«አንቱ በይኝ መጀመሪያ።»

«መንግሥት ይግባ ወይስ ይውጣ አንቱ?»

ሰሎሞን ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሁለቱም ስለ እኔ ይከራከራሉ፣ አንዳቸውም ወደ እኔ አይዞሩም። የያዝሁትን ካውያ አስቀመጥሁ።

«ሜሮን» አልኋት፣ «ገንዘቡ በየወሩ ቢመጣልኝ ያ ታብሌት ይወርዳል?»

ዞራ ታብሌቱን አየችው። «አይወርድም» አለች።

«ጋሼ ተፈራ፣ ታክሱ ቢቀርልዎትስ ይወርዳል?»

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው» አሉ።

«የእኔ ጉዳይ እሱ ነው» አልኋቸው። ከዚያ ለሰሎሞን ያ የጥቁር ልብስ መስመር ከግድግዳው ካልተነሣ እንደማልቀጥል ነገርሁት።

«የት ትሄጃለሽ?» አለኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። የተከራየሁት አፓርታማ ውል ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ አይፈቅድም። ማሽንም የለኝም። በዚህ ሁሉ ዘመን የሰፋሁት በሰው ማሽን ነው።

መስመሩን አላነሣውም፤ ሊያነሣውም አይችልም ነበር። እስከ ወሩ መጨረሻ ታብሌቱ እየጮኸብኝ ሠራሁ። በዚያ መካከል የመጡ ሁለት ሐዘንተኞችን «ሌላ ቦታ ሞክሩ» ብዬ መለስሁ። ዋጋውን ከምነግራቸው ብዬ ነው። አሁንም ሳስበው ያመኛል።

የግርማ መኪና እንደቆመ ነበር። እኔ አልነዳም። ሸጥሁትና ያገለገለ ግን ጠንካራ ኢንዱስትሪያል ማሽን ገዛሁ። ሜሮን ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ በስሜ ንግድ አስመዘገበችልኝ። ከሰሎሞን መስኮቱ አጠገብ ያለችውን ጥግ ተከራየሁ። የሒሳብ ሠራተኛው ጠየቀኝ፤ ማሽኑ የእኔ፣ ደንበኛው የእኔ፣ ሰዓቱም የእኔ መሆኑን ሲያረጋግጥ እሺ አለ። አሁን የአሠሪውንም የሠራተኛውንም የታክስ ድርሻ የምከፍለው እኔ ነኝ። ስታመም የሚከፍለኝ የለም።

ጋሼ ተፈራ ይህን ሲሰሙ በጣም ተደሰቱ። «እንግዲህ አሠሪዋም አንቺ፣ ሠራተኛዋም አንቺ። ምሳ ካልበላሽ ራስሽን ክሰሺ» አሉ። እኔም ቀኑን ሙሉ ተናድጄ ዋልሁ፤ የተናገሩት እውነት ነበርና።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን አልመጡም። ሲመጡ ፌስታል ይዘዋል። ውስጡ አዲስ ጥቁር ሱሪ አለ፣ እግሩ ረዝሟል። አገር ቤት ያሉት ወንድማቸው አርፈዋል። በሩ አጠገብ ቆመው ነገሩን በሁለት ቃል ተናገሩ።

የያዝሁትን ሥራ ከማሽኑ ላይ አነሣሁ። ለካኋቸው፣ ቆረጥሁ፣ ሰፋሁ፣ ተኮስሁ። ሱሪውን ሳቀብላቸው ቦርሳቸውን አወጡ።

«ስንት ነው?»

«እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብዬ ፊቴን ወደ ማሽኑ መለስሁ።

«እኔ የነጻ ነገር እንደማልወድ ታውቂያለሽ፣ ሰብለ።»

«አውቃለሁ።»

አባቷን ልታግዝ የመጣችው ሜሮን አፏን ልትከፍት ስትል አየኋትና ራሴን ነቀነቅሁ። ጋሼ ተፈራ ቦርሳውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ሄደው ካውያው አጠገብ ባለችው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ግርማ ከሞተ ወዲህ ማንም አልተቀመጠባትም ነበር። ሱሪውን ጭናቸው ላይ አድርገው እስክንዘጋ ቆዩ። ያን ቀን ስለ ታክስ የተናገረ ሰው አልነበረም።

ገንዘቡ ለሁሉም መሰጠት አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን እነሱ ይጨርሱት። እኔ በዚህ ሙያ ለምትጀምሩ የምነግራችሁ ስለ ማሽን ነው። በሰው ማሽን ላይ እያላችሁ የትኛው ሥራ ዋጋ እንደሌለው የምትወስኑት እናንተ አይደላችሁም። መጀመሪያ ማሽን ግዙ።