የአሥራ ስድስት ቁጥር የኋላ ወንበር

ኅዳር ዘጠኝ ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ባለቤቴ አንድ ካርድ ጀምሮ ሳይጨርስ ሞተ። ካርዱ የአንዲት መኪና ነው። የሻንሲ ቁጥሯን፣ ቀለሟንና የሞተሯን ዓይነት ጽፏል። «የኋላ ወንበር» ከሚለው ቀጥሎ ግን ምንም የለም። እርሳሱ ካርዱ አጠገብ ተጋድሞ ነበር። ልቡ ነው አሉኝ። የሐኪሙን ወረቀት ደጋግሜ አነበብኩት፤ ከዚያ የተለየ ነገር አይናገርም። ካርዱን እንዳለ በቦታው አስቀምጬዋለሁ። ያላየነውን መሙላት በእኛ ሥራ አይፈቀድም።

እሱና እኔ የምንሠራው በአንድ ክፍል ነበር። ከተዘጋ ብዙ ዘመን የሆነው የመኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካ ወረቀት ሁሉ ከአንድ የሴራሚክ መጋዘን በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ተከማችቷል። እኔ በዩኒቨርሲቲ የተማርኩት የመዝገብ አያያዝ ስለሆነ ኃላፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። እሱ ደግሞ ፋብሪካው በሥራ ላይ ሳለ በር ላይ የሚቆም ተቆጣጣሪ ነበር፤ ያለቀችውን መኪና ዞሮ አይቶ «ትውጣ» የሚል። ፋብሪካው ሲዘጋ የመዝገብ ቤቱ ረዳት አደረጉት። ስለዚህ ቢሮ ውስጥ አለቃው እኔ ነበርኩ። ቤት ስንገባም «አለቃ» ማለቱን አይተውም። «አለቃ፣ ሽንኩርቱን ልላጥ ወይስ መጀመሪያ ደብዳቤ ይጻፍልኝ?» ይለኛል።

የሥራ ባልደረቦቹ «ለምን» ብለው ይጠሩት ነበር፤ ቅጽል ስሙ ሆኖ ቀረ። መጀመሪያ ቤታችን የመጣ ዕለት አባቴን ሰላም ብሎ ገና እንደተቀመጠ፣ «አባባ፣ ሦስቱ ግድግዳ ተለስኖ ይሄኛው ለምን ቀረ?» አለው። አባቴ ወደ ጓዳ ጠርቶኝ፣ «ይሄ ሰው የመጣው ሊያገባሽ ነው ወይስ ቤቴን ሊፈትሽ?» አለኝ። ሲሚንቶ አልቆ እንደቀረ ለእንግዳው ስነግረው ግን ትልቅ ምሥጢር እንደተገለጠለት ሰው ዓይኑ በራ። ሲጠይቅ ክፋት አልነበረበትም። የማያውቀው ነገር ካለ ምሳ አይበላለትም፤ ይኸው ነው።

ለእኛ የሚጽፉልን የድሮ መኪና ወዳጆች ናቸው። የዚያ ፋብሪካ መኪኖች ዛሬ ብርቅ ሆነዋል፤ ባለቤቶቹ «የኔዋ ስትወጣ ቀይ ነበረች?»፣ «ይሄ ሞተር የራሷ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። የምንመልስላቸው ከሁለት ነገር ተነስተን ነው። አንዱ የምርት መዝገቡ ነው፤ ያለቁ መኪኖች በአወጣጣቸው ተራ ተጽፈውበታል። ሌላው የመገጣጠሚያ ወረቀቱ ነው። ለእያንዳንዷ መኪና ምን ቀለም፣ ምን ሞተር፣ ምን ወንበር እንደሚገጠምላት የሚያዝ ወረቀት ይዘጋጅና ቅጂው ለየክፍሉ ይታደል ነበር። የወንበር ክፍል ሠራተኞች ወንበሩን ሰፍተው ሲጨርሱ ቅጂያቸውን ከሞላዎቹ መካከል ወትፈው ይልኩታል። ለምን ቢባሉ ቆሻሻ መጣያው ሩቅ ስለነበር ነው ይላሉ። ያ የተወተፈ ወረቀት ነው እንግዲህ ዛሬ ሰው መኪናውን ገልብጦ የሚፈልገው።

መስከረም ላይ አንድ ሽማግሌ ሾፌር ወረቀት በላስቲክ ጠቅልሎ መጣ። ዕድሜውን ሙሉ ለአንድ ነጋዴ ሲነዳ ኖሯል፤ ነጋዴው ሲሞት ልጆቹ ክሬም ቀለም ያላትን መኪና ሰጡት። እሱም የድሮ መኪና ባለቤቶች ማኅበር ምንም ያልተነካካች ብሎ እንዲመዘግባት ጠየቀ። የማኅበሩ መርማሪ መጥቶ የኋላውን ወንበር ቢያነሳ፣ የሌላ ሻንሲ ቁጥርና አረንጓዴ ቀለም የተጻፈበት ወረቀት አገኘ። «ይቺ ከሁለት መኪና የተቀጣጠለች ናት» ብሎ ለማኅበሩ ጻፈ። ኅዳር ስድስት ቀን ጉባኤ አለ፤ እስከዚያ ማስረጃ ካልቀረበ የሾፌሩ ስም ከአጭበርባሪዎች ጋር ሊለጠፍ ነው።

«ልጆቼ፣» አለ ሾፌሩ፣ «እኔ የሰው ብሎን እንኳ ነቅዬ አላውቅም። አሁን ግን የሰፈር ሰው ‹ቀጣጥሎ ሊሸጥ ሲል ተያዘ› እያለኝ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ሌባ ልባል?»

ባለቤቴ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዞት ሄደ። «አባባ፣ ይሄ ግን የማን ነው?»

«የኔ አይደለም አልኩህ እኮ!»

«እሱንማ ሰማሁ። የማን ነው ነው የምልዎት።»

ሾፌሩ ወደ እኔ ዞረ። «ሰውዬው እኔን ነው የሚመረምረኝ?»

«ሁሉንም ሰው ነው፤ አይቀየሙት» አልኩት።

እኛ መኪኖቹን የምንጠራቸው በሻንሲ ቁጥራቸው መጨረሻ ነው። የሾፌሩ አሥራ ሰባት ነበረች፤ ወረቀቱ ደግሞ የአሥራ ስድስት። መዝገቡን ገለጥኩ፤ አሥራ ሰባት ከመጀመሪያውም ክሬም ነበረች። ለመርማሪው ደውዬ ነገርኩት። «ቀለሟስ ትክክል ይሁን፤ ወንበሩን ግን ከየት አመጣው?» አለኝ። «አሥራ ስድስትን አርዶ ነዋ!»

ስለዚህ አሥራ ስድስትን መፈለግ ነበረብን። የኋላ ወንበሯ ተነቅሎ ብናገኛት ሾፌሩ አለቀለት።

የድሮ ደብዳቤዎቻችንን ስናገላብጥ ባለቤቷ አንዲት የጥርስ ሐኪም ሆና ተገኘች፤ እዚሁ ከተማ። አብረን ሄድን። አረንጓዴዋ መኪና ከክሊኒኩ ጓሮ በሸራ ተሸፍና ቆማለች። የኋላ ወንበሯ በቦታው አለ። ባለቤቴ የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ ገባና ወንበሩን አንስቶ ገለበጠው። ከሞላዎቹ መካከል ወረቀት አለ፤ ግን ዝገትና እርጥበት ሞላዎቹን ከሸፈነው ጆንያ ጋር አጣብቆታል። እጁን ሲሰድ ያዝኩት። ቢጎተት ይቀደዳል። ወንበሩ እንዳለ ወደ ቢሮ መሄድ ነበረበት።

«እና እናቴን የት ላስቀምጣት?» አለች ሐኪሟ።

«ከፊት» አለ ባለቤቴ።

«ከፊት ባሌ ነው የሚቀመጠው።»

«እሳቸውስ ለምን አይነዱም?»

«እሱን ጥያቄ እኔም ካገባሁት ጀምሮ እየጠየቅኩ ነው» ብላ ሳቀች። «ውሰዱት በቃ። ካልመለሳችሁት ግን፣ አንድ ቀን ጥርሳችሁን ሲያማችሁ እዚሁ ነው የምትመጡት፤ ማደንዘዣ ሳልወጋ ነው የምነቅላችሁ።»

ቢሮ ውስጥ ወንበሩን ሁለት ጠረጴዛ ላይ አጋደምነው። እርጥብ መምጠጫ ወረቀት እያስነካሁ፣ ሲለሰልስ ከአጥንት በተሠራ ዱልዱም ቢላ እያላቀቅኩ ሥራው ቀናት ፈጀ። ባለቤቴ በየመሀሉ መጥቶ «ደረሰ?» ይላል፤ ዳቦ ምድጃ ላይ የጣድኩ ይመስል። በመጨረሻ ቁጥሩ ታየ። አሥራ አምስት።

«አለቃ!» ብሎ ጮኸ። «አሥራ ሰባት የአሥራ ስድስትን ለብሳለች፣ አሥራ ስድስት የአሥራ አምስትን! ማንም ማንንም አላረደም፤ ፋብሪካ ሳሉ ነው የተሳሳቱት። ግን ከየት ጀመረ?»

አሥራ አምስት ከብዙ ዓመት በፊት ተሰባብራ ለቁርጥራጭ ብረት እንደተሸጠች ማኅበሩ ነገረን። መኪና ከሌለ የቀረን መዝገቡ ነው። የዚያን ሳምንት ገጽ አብረን በጣት ተከተልን። አሥራ ሦስት ወጣች። ከሷ ቀጥሎ አሥራ አራት መሆን ሲገባው የተጻፈው አሥራ አምስት ነው። ከዚያ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት እያለ እስከ ሃያ ሁለት ይወርዳል። አሥራ አራት የተጻፈችው ከሃያ ሁለት በኋላ ነው፤ አጠገቧም «ቀለም ተመላሽ» ተብሏል።

ባለቤቴ ጠረጴዛዬ ላይ ያሉትን ላጲሶችና የማኅተም ጣውላዎች በሁለት ረድፍ ደረደራቸው። ላጲሶቹ መኪና፣ ማኅተሞቹ ወንበር። ከላጲሶቹ አንዱን አነሳ፤ አሥራ አራት መሆኗ ነው፤ ቀለሟ ስለተበላሸ ተመለሰች። ወንበሯ ግን ከወንበር ክፍል ተነስቶ በተራው መጣ፤ ተረኛዋ ደግሞ አሥራ አምስት ሆና ተገኘች፤ ገጠሙላት። ከዚያ በኋላ እያንዳንዷ መኪና በቁጥር የምትቀድማትን መኪና ወንበር እየወሰደች ቀጠለች። በዚያ ሳምንት ወንበሮቹ በሙሉ ጥቁር ስለነበሩ የማንም ዓይን አልያዘውም። አሥራ አራት ቀለሟ ደርቆ ከሃያ ሁለት ኋላ ስትሰለፍ የተረፈውን ወንበር ወሰደች፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም የራሱን አገኘ።

ላጲሱን መልሶ አስቀመጠና ሳቁ ፈነዳ። «በር ላይ ቆሜ ሁሉንም ‹ትውጣ› ያልኩት እኮ እኔ ነኝ!»

ደብዳቤውን እኔ ጻፍኩ። በአሥራ ሰባትና በአሥራ ስድስት የተገኙት ወረቀቶች እያንዳንዳቸው የፊተኛዋ መኪና መሆናቸውን፣ መዝገቡም ምክንያቱን እንደሚያሳይ ገለጽኩ። ስለ አሥራ አራት ወንበር አንድ ቃል አላነሳሁም።

«ለምን ተውሻት? የሃያ ሁለት ወረቀት ነው ያለባት! ሽማግሌውን በጎደሎ ማስረጃ ልትልኪው ነው?»

«አይተሃታል?»

«አላየኋትም፤ ግን የት ትሄዳለች?»

«ስታያት እጽፋለሁ።»

አኩርፎ ወጣ። ሲመለስ ግን ፖስታ ገዝቶ ነበር የመጣው።

ኅዳር ስድስት፣ ቅዳሜ፣ ጉባኤው ላይ መርማሪው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበ። የወንበሩን ፎቶግራፎችና የመዝገቡን ገጽ ቅጂ ጎን ለጎን አድርጎ አየ፤ ከዚያ ተነስቶ ሪፖርቱን መሰረዙን ለሰው ሁሉ ተናገረ። ሾፌሩንም ይቅርታ ጠየቀው።

«ይቅርታውንስ ተቀብያለሁ፤» አለ ሾፌሩ፣ «ግን ወንበሩን መጥተህ ራስህ ግጠምልኝ። ያነሳኸው አንተ ነህ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። መኪናዋ ተመዘገበች። ሾፌሩ ሲወጣ የባለቤቴን እጅ ይዞ ብዙ ቆመ። ባለቤቴም ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልጠየቀም።

እሑድ ቀኑን ሙሉ ወሬው ስለ አሥራ አራት ሆነ። የመኪናዋ ባለቤት ሌላ ከተማ ነው፤ ባለቤቴ ሲደውልለት ሰውዬው «ና እይ» ብሎታል። ማክሰኞ ጠዋት የጀመረው ካርድ የሷ ነበር፤ ሄዶ የሚያየውን ሊሞላበት።

ከዚያ በፊት ግን፣ ሰኞ ዕለት፣ የሐኪሟን ወንበር ሊመልስ ወጣ። የዚህን ግማሹን በቢሮዬ መስኮት አይቻለሁ፤ ግማሹን ሐኪሟ በኋላ ነግራኛለች። ሁለት ታክሲዎች ቆመው ጥለውት ሄዱ። የሦስተኛው ረዳት አንገቱን አውጥቶ፣ «አባት፣ የኛ ወንበር አይመችም ብለው ነው የራስዎን ይዘው የመጡት?» ሲለው ሰማሁ። አውቶቡስ ለመጠበቅ ወሰነ። ወንበሩን ከአጥሩ ጥግ ዘረጋና ተቀመጠበት። ትንሽ ቆይቶ ከባድ ዘንቢል የያዘች ሴት መጣች፤ ጠጋ አለላት፤ ተቀመጠች። ወደ ዘንቢሉ እያመለከተ የሆነ ነገር ጠየቃት። ምን እንደሆነ አላውቅም። ሴትዮዋ ግን አውቶቡሱ እስኪመጣ ድረስ ስታስረዳው ነበር።

ክሊኒኩ ሲደርስ ወረቀቱን እኔ ካሸግኩበት ፖስታ ጋር ከሞላዎቹ መካከል አስገባው፤ ቅጂው እኛ ዘንድ ስላለ ዋናው የመኪናዋ ነው። ወንበሩን ገጠመ፤ ብሎኖቹን አጠበቀ፤ ሐኪሟንም ግቢና ተቀመጪ አላት።

«ይነቃነቃል?»

«አይ።»

«እስቲ ወደ መስኮቱ ጠጋ በይ። አሁንስ?»

«አሁንም አይነቃነቅም።»

ጨርቅ ተቀብሎ የጣቱን አሻራ ከጥቁሩ ቆዳ ላይ ጠረገ። ሸራውን አለበሳት፤ ጓሮው ቧንቧ ላይ እጁን ታጥቦ ወጣ።