በረሮ የሌለበት ግድግዳ

ዳንግላ በመምህርነት ስመደብ ገና ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ከደብረ ማርቆስ የመጣሁበት የጭነት መኪና ጭቃ ውስጥ ሲንፏቀቅ ውሎ ገበያው ዳር አወረደኝ። የተከራየሁት ክፍል ባላቸው የሞቱባቸው የአንዲት እሜቴ ቤት ነበር። የእኔን ክፍል ከእሳቸው መኝታ የሚለየው የጭቃ ግድግዳ ከታች እስከ ላይ አሮጌ ጋዜጣ ተለጥፎበታል። ሟቹ የፍርድ ቤት ጸሐፊ እንደነበሩና ክፍሉ የሥራ ክፍላቸው እንደነበር ቁልፉን ሲሰጡኝ ነገሩኝ። ሌላ ብዙ አላወሩም። ከአማርኛ ይልቅ አገውኛ ይቀናቸው ነበር፤ እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ከአማርኛ ሌላ አንዲት ቃል አልሰማም።

በመጀመሪያው ቀን አመሻሽ ላይ፣ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የዋለው ዝናብ ሲያባራ፣ ከጋዜጣው ሥር ድምፅ ሰማሁ። ሰው ወረቀት የሚያገላብጥ ይመስላል። ትንሽ ይንኮሻኮሻል፣ ቆም ይላል፣ ደግሞ ይንኮሻኮሻል። ኩራዙን አስጠግቼ የጋዜጣውን ጠርዝ ሳነሳው አንድ በረሮ ወጥቶ በእጄ ጀርባ ላይ ሄደ። ተከታትለው ሌሎች ወጡ። ጮኼ ወደ በሩ ሸሸሁ።

ወዲያው ከግድግዳው ማዶ የእሜቴ ድምፅ ተሰማኝ። የጠሩኝ መስሎኝ "አቤት እሜቴ!" አልኩ። አልመለሱልኝም። ዝግ ባለ ድምፅ በአገውኛ ትንሽ ይናገራሉ፤ ዝም ብለው ያዳምጣሉ፤ ደግሞ ይናገራሉ። ጸሎት ነው ብዬ ተውኩት።

አጠገባችን ጠላ እየጠመቀች የምትሸጥ ጎረቤት ነበረችን። ዳንግላ ውስጥ መጀመሪያ የተወዳጀሁት ከእሷ ጋር ነው። የበረሮውን ነገር ሳጫውታት "ይኼማ ምን ያስጨንቃል" አለችና በማግስቱ ቀበርቾ ይዛ መጣች። በገል ፍም ላይ ቀበርቾውንና የደረቀ በርበሬ ጨምረን፣ በሩን ዘግተን ወጣን። ግቢው ውስጥ ቆመን እንኳ ሳሉ ሊገድለን ነበር። ጭሱ ሲለቅ ገብተን ብናይ ወለሉ ላይ የወደቁት ጥቂት ናቸው። የቀሩት ግድግዳው ውስጥ ገብተዋል።

እሜቴ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው ከቤታቸው ወጡ።

"ልጄ፣ ምንድን ነው የምታጨሽው?"

"በረሮ ነው እሜቴ። ቤቱን ሞልቶታል።"

ትክ ብለው አዩኝ። "እዚህ ቤት በረሮ ኖሮ አያውቅም" አሉ።

ይህን ሲሉ አንድ በረሮ ከነጠላቸው ጥለት ላይ ወርዶ በእግራቸው መሀል ሲያልፍ አየሁ። እሳቸውም ዓይናቸውን ዝቅ አድርገው አይተውታል። ፊታቸው ላይ ግን ምንም ነገር አልነበረም።

ጎረቤቴ ሁለተኛ መላ አመጣች። በትንሽ ማሰሮ አተላ ጨምራ፣ ማር ጠብ አድርጋ፣ የአፉን ውስጥ በቅቤ አሸችው። "ይገባል እንጂ አይወጣም" አለች። ጠዋት ስነሳ ማሰሮው በራሱ የሚንቀሳቀስ ይመስል ነበር። የፈላ ውሃ ስደፋበት ከውስጡ የወጣው ድምፅ ዛሬም አልጠፋኝም። እንዲህ አድርገን አንድ ሳምንት ሙሉ ብናጠምድም የግድግዳው መንኮሻኮሽ አልቀነሰም። እሜቴም በየአመሻሹ መናገራቸውን አላቆሙም።

በኋላ እሜቴ ለዘመድ ተዝካር ወደ ዘንገና ሄዱ። ሦስት ቀን እንደሚቆዩ ነግረውኝ ነበርና ጎረቤቴን ጠራኋት። ጋዜጣውን ከላይ ጀምረን ገሸለጥነው። ከሥሩ ጭቃው ተሰነጣጥቆ፣ እንጨቱ መሀል ክፍት ሆኖ፣ ቡናማው የበረሮ መንጋ አንድ ላይ ተጣብቆ ይተነፍሳል። ብርሃን ሲያየው እንደ ፈሳሽ ወረደ። ጎረቤቴ አማተበች። ከዚያ ሥራ ጀመርን። በስንጥቁ ሁሉ ላምባ አፈሰስን፤ የወጣውን በመጥረጊያ እየመታን ግቢ ውስጥ ወዳነደድነው እሳት ጣልን። ጋዜጣውንም አቃጠልነው። ጭቃ ከጭድ ጋር አቡክተን፣ አመድ ጨምረን፣ በግራዋ ቅጠል ጭማቂ ለውሰን ግድግዳውን መረግነው። በላዩ እበት ለቀለቅንበት። ስንጨርስ ክፍሉ አዲስ መቃብር አፍ ላይ እንዳለ አፈር ሸተተኝ። ደስ ግን ብሎኝ ነበር። በዚያ አመሻሽ ምንም ድምፅ አልነበረም።

እሜቴ በተመለሱበት ቀን ጎረቤቴ እኔ ዘንድ ተቀምጣ ነበር። ሊመሽ ሲል ከማዶ መናገር ጀመሩ። ዝም ብለው ጠበቁ። ያንኑ ነገር ደገሙት። አሁንም ጠበቁ። በሦስተኛው ድምፃቸው ከፍ አለ፤ በእጃቸውም ግድግዳውን ሁለት ጊዜ መቱት።

"ምንድን ነው የሚጸልዩት?" አልኳት።

ጎረቤቴ ጽዋዋን አስቀመጠች። "ጸሎት አይደለም" አለች በሹክሹክታ። "'ዓይንህ ይጠፋል፣ ወረቀቱን ተወውና ና ራትህን ብላ' ነው የሚሉት። አሁን ደግሞ 'ለምን ዝም አልክ?' እያሉ ነው።"

በማግስቱ እሜቴ የክፍሌ በር ላይ መጥተው ቆሙ። አዲሱን ግድግዳ አዩና መዳፋቸውን ለጠፉበት። ገና እርጥብ ነበር።

"ቀዝቅዟል" አሉ። "ወረቀቶቹስ?"

"አቃጠልናቸው እሜቴ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አላወቅሁም።"

አልተቆጡም። ዞረው ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምድጃቸው አልጨስ አለ። ጎረቤቴ ያደረሰችላቸው ምግብ ሳይነካ ይመለስ ጀመር። በሳምንቱ ነጠላቸው ሥር ትከሻቸው እንደ እንጨት ጎልቶ ታየኝ።

ቀጥሎ ያደረግሁትን ማንንም አማክሬ አላደረግሁትም። አንድ አመሻሽ የተማሪዎቼን ደብተር ግድግዳው ሥር ከምሬ ማረም ጀመርኩና፣ እያንዳንዱን ገጽ ድምፁ እንዲሰማ አድርጌ ገለጥሁ። ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ ከማዶ፣ ደከም ብሎ፣ ያ ድምፅ መጣ። ደብተሩን ልዘጋው ቃጣሁ። ግን አላቆምኩም። በማግስቱ ጠዋት ምድጃቸው ጨሰ።

ሁለት ሳምንት ያህል እንዲህ አደረግሁ። ነቅተውብኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። አንድ ጠዋት ውሃ ስቀዳ አጠገቤ ቆሙና፣ ወደ እኔ ሳያዩ፣

"ልጄ፣ ቀስ ብለሽ ግለጪ" አሉኝ። "እሱ አይቸኩልም ነበር።"

እንስራውን መሬት አስቀመጥሁት። ዕቃዬን ሸክፌ ልውጣ ብዬ አስቤ ነበር። አልወጣሁም። ምን እንደያዘኝ ዛሬም በቅጡ መናገር አልችልም፤ ያ የጎላ ትከሻቸው ይመስለኛል። በዚያ አመሻሽ ቀስ ብዬ ገለጥሁ። ሲናገሩ ደብተሩን ዘግቼ ተነሳሁና፣ ቤቱን ዞሬ በራቸውን አንኳኳሁ። ከፈቱልኝ። መሶቡ ቀርቦ ነበር። ፊት ለፊታቸው ያለውን የሟቹን ባለመደገፊያ ወንበር አሳዩኝና ተቀመጥሁ።

ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ድረስ ራቴን እዚያ በላሁ። እሜቴ ሥጋ እየለበሱ መጡ፤ ከግድግዳው ጋርም መነጋገር ተዉ። ሰኔ ላይ ወደ እንጅባራ ስዛወር እስከ መኪናው ሸኝተውኝ ጉንጬን ሳሙኝ። ብዙ ነገር አውርተውኛል፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገበያው፣ ስለ ፍርድ ቤቱ ሥራ። ዓመቱን ሙሉ ግን ስሜ ማን እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቁኝም።