በእጣን የተበየደው ሬዲዮ

ልጅ እያለሁ ላሊበላ ውስጥ የተሰበረ ዕቃ አይቼ ዝም ብዬ አላልፍም ነበር። እናቴ «የዚች ልጅ እጅ አያርፍም» ትለኝ ነበር፤ እውነቷን ነው፣ ዛሬም አላረፈም።

በደርግ ጊዜ ታላቅ ወንድሜ ዘምቶ ድምፁ ከጠፋ ሰነበተ። ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ፣ ወታደሮች እሑድ እሑድ በሬዲዮ ለቤተሰብ ሰላምታ እንደሚልኩ ነገሩን። የእኛ ሬዲዮ ግን ወድቆ ጥቃቅን ዕቃዎቹ የሚበየዱበት የውስጡ ሰሌዳ ተሰነጣጥቋል። እናቴ ዝም ያለውን ሬዲዮ በነጠላዋ እየጠረገች መልሳ ስታስቀምጠው አየኋትና፣ እሠራዋለሁ አልኩ።

አንድ መሥሪያ ቤት ጓሮ የተጣለ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሒሳብ ማሽን ነበር። ዘበኛውን ለምኜ በጆንያ ተሸክሜ አመጣሁት። የዘይትና የአይጥ ሽታው ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። ከሳሙና ሣጥን ጣውላ ቆርጬ፣ የእናቴን የስፌት ወስፌ በከሰል አግዬ ቀዳዳ በቀዳዳ አደረግሁት፤ አዲሱ ሰሌዳ እሱ ነበር። ከሬዲዮው የተረፈውን ወደ ጣውላው አዛወርኩ፣ የጎደለውን ከማሽኑ ሞላሁ። መበየጃው እርሳስ ግን አልይዝ አለኝ። የሳይንስ መምህራችንን ብጠይቃቸው «እርሳሱ እንዲይዝ የዛፍ ሙጫ ይፈልጋል» አሉ። እጣንም የዛፍ ሙጫ አይደል? ከእናቴ ሙዳይ ዘገንኩና እርሳሱ ላይ በጋለው ወስፌ አቀለጥኩት።

ጢሱ በመስኮት ሲወጣ እትዬ ዘውዴን ሸተታቸው። የዘማች ቤት በሥራ ቀን፣ ቡና ሳይፈላ እጣን ከሸተተ ካህናት ገብተዋል፤ ካህናት ከገቡ መርዶ መጥቷል። «ወየው ልጄን!» እያሉ ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። እናቴ ከጓሮ ሰምታ ስትሮጥ መጣችና ደጃፉ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

«ኧረ ማንም አልሞተም! ሬዲዮ እየበየድኩ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

እትዬ ዘውዴ ለቅሷቸውን ሳይጨርሱ ቁጣ ጀመሩ። «በእጣን? የእግዜር ዕቃ አይደለም ወይ! ጣይው ይሄን ጉድ!» ሰሌዳውን ደረቴ ላይ ለጠፍኩት፤ ብሞት አልጥለውም።

እናቴ ከተቀመጠችበት ቀና አለች። «ተዪያት» አለቻቸው። ወደ እኔ ዞረችና «ጨርሺው» አለችኝ።

ጨረስኩት። የባትሪ ድንጋይ አስገብቼ ብከፍተው ተንኳኳ፣ አፏጨ፣ ተናገረ። ስንት እሑድ የሌሎች እናቶችን ልጆች ድምፅ ስንሰማ ቆየን። በመጨረሻ የእኛም መጣ፦ «እማዬ፣ ደህና ነኝ፣ አታስቢ።» እናቴ ወደ ሬዲዮው ጎንበስ ብላ «እኔም ደህና ነኝ ልጄ፤ ብርዱስ እንዴት ነው? እህል ትበላለህ?» አለችው። ሌላ ወታደር መናገር ከጀመረ በኋላም መጠየቋን አልተወችም። አይሰማሽም ልላት አቃተኝ።

ወንድሜ በሰላም ተመለሰ፤ እናታችን አርፋለች። ዛሬ ከወልድያ በስልክ ፊቱን እያሳየ ይደውልልኛል። «በላሽ ወይ?» ይለኛል፣ እንደ እሷ። እሱ ይሰማኛል፤ እኔ ግን አንዳንዴ «ሥራ ላይ ነኝ፣ ኋላ እደውላለሁ» ብዬ እዘጋበታለሁ።