ወፍ የመሰከረለት ግጥም

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ እዚህ ላፍቶ ወደሚገኝ አንድ አዳራሽ ወሰደችኝ፤ ወጣቶች ግጥም ያነባሉ ብላ። አንዱ ጎረምሳ እናት ወፍ ግራር ላይ የሚንጠለጠለውን ጎጆዋን እንዴት እንደምትሠራ አነበበ። ተጨበጨበለት፣ ወረደ። በቃ። ተነሥቶ "የት አየኸው?" ያለው የለም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው፤ አዋቂ አይደለሁም። ግን እኛ ግጥም እንዲህ በዋዛ አናሳልፍም ነበር።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ላፍቶ ያኔ እርሻ ነበር። እኔ የሃያ ዓመት ጎረምሳ፣ ወንዙ ዳር ድንጋይ እየፈለጥኩ እተዳደር ነበር። መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያባራ፣ መምህር ደሳለኝ የሚባሉ አስተማሪ እሑድ እሑድ ከሰዓት ግጥም የሚገጥመውን ሁሉ ሣር የበቀለበት አውድማ ላይ ይሰበስቡ ነበር። ስለ ዝናቡ፣ ስለ አበባው፣ ስለ እህሉ ይገጠማል። ሰሚው ገበሬ ነው፤ እግሩ ላይ ጭቃው ሳይደርቅ መጥቶ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት እየጋጠ ያዳምጣል። ቤት መታ አልመታ ግድ የለውም፤ እውነት መሆኑን ነው የሚጠይቅ። አንድ ክራባት ያሰረ ጸሐፊ ሽምብራን በሐምሌ ቢያሳብባት ሴቶቹ በሳቅ አስወረዱት። በሐምሌ ሽምብራ መች ተዘርታ።

ተራዬ ሲደርስ መምህሩ ልብሴ ላይ ያለውን የድንጋይ አቧራ አዩና "እስቲ ለዛሬ ይሁንልህ" አሉኝ። ወረቀት የለኝም፤ ግጥሜን በቃሌ አልኩት።

ሲጎነጉን ዋለ ቢጫው ወፍ ጎጆውን፣
ሚስት መጥታ እስክታይለት የአፉን ሥራውን፤
ገብታ አይታ ብቻ ንቃው ጥላው ስትበር፣
አፍርሶ ይጀምራል እንደገና ከሥር።

ኦቦ ቱሉ፣ የሰፈሩ ትልቅ ገበሬ፣ በቆሏቸውን ከአፋቸው አወጡ።

"ቁም አንተ ድንጋይ ፈላጭ። እኔ እዚህ ወንዝ ላይ ነው ያረጀሁት። ጎጆ የምትሠራው እናቲቱ ናት።"

"ከጎጆዎቹ ሥር ነው የምውለው ኦቦ። በዓይኔ አይቻለሁ።"

"ዓይንህ ጠጠር ገብቶበት ይሆናል።"

ሰው ሳቀ። መምህሩ ተቀመጥ ብለው በእጃቸው ጠቆሙኝ። አልተቀመጥኩም።

"ሄደን እንይ። ውሸት ከሆነ ሁለተኛ እዚህ አፌን አልከፍትም" አልኩ።

ቀላል ውርርድ አልነበረም፤ ሳምንቱን ሙሉ መዶሻ የማነሣው ያቺን እሑድ እያሰብኩ ነበርና።

ሁሉም ተነሣ። አደይ አበባውን እየገፋን ቁልቁል ወረድን፤ የጸሐፊውን አንድ ጫማ ጭቃው አስቀረው። ወንዙ ዳር ግራሩ ላይ ጎጆዎቹ እንደ ቅል ተንጠልጥለዋል። ሣሩ መድረቅ የጀመረውን፣ ሴቷ ሰሞኑን ደጋግማ የናቀችውን ጎጆ አሳየኋቸው። ቢጫው ወንድ ከሥሩ ተዘቅዝቆ ክንፉን ያርገበግባል። ቆየን። ምንም የለም። ኦቦ ቱሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ያኔ ዳለቻ የመሰለችው ሴቷ መጣች። በታች በኩል ገባች፣ ጭንቅላቷን ብቅ አደረገች፣ አንድ ሰበዝ ሣር ጎተት አድርጋ ሞከረችና እልም አለች። ወንዱ ክንፉን ማርገብገቡን ተወ። ከዚያ ሣሩን እየመዘዘ የገዛ ጎጆውን ያፈርስ ጀመር። ሣሩ በመምህሩ ባርኔጣ ላይ ወረደ።

የኦቦ ቱሉ ሚስት አዴ ጫልቱ ወደ ባላቸው ዞረው ረጋ ብለው፣ "የቦንሳ አባት፣ እኔም የመጣሁ ጊዜ ጣሪያህ ያፈስ ነበር። ማስፈረስ እንደሚቻል መች አወቅሁ" አሉ።

ሳቁ ወፎቹን ከዛፉ አስነሣቸው። ኦቦ ቱሉ ብቻ አልሳቁም። ወደ እኔ ዞሩና "ድገመው" አሉኝ። እዚያው ወንዙ ዳር ደገምኩት። በሚቀጥለው እሑድ መምህሩ መጀመሪያ የጠሩት እኔን ነው።

እና ባለፈው እሑድ ከአዳራሹ ሳልወጣ ጎረምሳውን አስቆምኩት።

"ልጄ፣ ያንን ጎጆ የሚሠራው ወንዱ ነው።"

ከላይ እስከ ታች አየኝ። "እርግጠኛ ነዎት አባባ? እኔ እንኳን አልመሰለኝም።"

ደስ አለኝ። ስንት ዘመን ሙሉ እንዲህ ብሎ የተከራከረኝ ሰው አልነበረም።

"አትመነኝ" አልኩት። "ከፉሪ ሰፈር በታች፣ ወንዙ ዳር አንድ ግራር ቀርቷል። ቅዳሜ በጠዋት ና። ጓደኞችህንም አምጣ፤ ግን የምታዝንለትን ጫማ እንዳታደርግ።"