በራሱ የሚጫወተው ፒያኖ ሙሽራዋን በር ላይ አስቀራት

ዛሬ ጦር ኃይሎች አካባቢ ባለ የሰርግ አዳራሽ ሙሽራዋ ልትገባ ስትል ፒያኖው ቆርቆሮ ላይ ድንጋይ የሚዘንብ የሚመስል ድምፅ አወጣ። ሙሽራዋ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

የአዳራሹ ባለቤት፣ አለቃዬ ጋሽ ታደሰ፣ ፒያኖ ተጫዋቿን ሰላምን አሰናብተው በራሱ የሚጫወት ፒያኖ ገዝተዋል። ዘፈኑን ከኢንተርኔት ያወረድኩላቸው እኔ ነኝ።

"ፋይሉ ውስጥ ከበሮም አለ፤ ካላወጣሁት ፒያኖው እሱንም በቁልፎቹ ይደበድበዋል" ብያቸው ነበር።

"ዘፈን ዘፈን ነው፣ ዝም ብለህ ጫነው" አሉኝ።

የሙሽራዋ አባት "ምንድነው ይሄ?" ሲሏቸው "ዘመናዊ ነው" አሉ። (ድፍረታቸውን አደንቃለሁ።)

ጨንቋቸው ሰላም ጋ ደወሉ። "በራሱ ይጫወት የለ እንዴ ጋሼ?" ብላ ዘጋችባቸው።

በመጨረሻ እንግዶቹ እያጨበጨቡና እየዘፈኑ ሙሽራዋን አስገቧት። ጋሽ ታደሰ ፊታቸው በራ፤ በነፃ የሚዘፍን ሰው ማግኘታቸው ነው መሰለኝ።

እናንተስ ሰው አባርሮ ማሽን ያመጣ አለቃ ገጥሟችኋል? ንገሩኝ፣ ብቻዬን አልሳቅ።