የገለባው ጥጃ

ወንድም ጋሼ በሞባይሉ ያሳየኝን ቪዲዮ እስከ መጨረሻው አላየሁትም። ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ እኔ ቤት፣ ሶፋው ላይ ተቀምጠን ነበር። ላሟ ማንም ሳይነዳት በራሷ እግር ወደ ብረት አጥር ትገባለች፤ ከጎኗ አንድ የብረት ክንድ ይወጣና በቀይ መብራት እየፈለገ ጡቶቿን አንድ በአንድ ይይዛል። በአካባቢው ሰው የሚባል የለም።

"እይ እንጂ! ሮቦት ነው። ፈረንጆቹ በሙሉ ወደዚህ እየገቡ ነው። እኛም አገር መምጣቱ አይቀርም" አለኝ። ሽበት የወረረው ሰውዬ ድምፁ የጎረምሳ ሆነ።

"ጥጃውስ የት አለ?" አልኩት።

ስልኩን ኪሱ ከተተና ስለ ባቡሩ ግፊያ ማውራት ጀመረ። እኔ ተነስቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁና የጠጣሁትን ሻይ አስመለስኩት። በዚህ ዕድሜዋ በላም ቪዲዮ ታስመልሳለች ብላችሁ ብትስቁብኝ አልፈርድባችሁም፤ ግን ምክንያት አለኝ።

ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ፣ ሰፈሩ ገና ጭቃ ቤትና ቆርቆሮ አጥር በነበረበት ጊዜ፣ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ግድም፣ ግቢያችን ውስጥ አንዲት ላም ነበረችን። ጥቁርና ነጭ፣ የፈረንጅ ዲቃላ። የምንኖረው በእሷ ነበር። አባታችን ቀደም ብሎ ሞቷል፤ እማዬ በር ላይ ተቀምጣ ወተት ለጎረቤት ትሸጣለች፤ የወንድም ጋሼ የኤሌክትሪክ ሥራ ዛሬ ካለ ነገ የለም። የማልባት እኔ ነበርኩ። የእማዬ ጣቶች በቁርጥማት ተጣመው ጡት መጨበጥ ካቃታቸው ጀምሮ፣ ጠዋትና ማታ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ አልቤያታለሁ።

ስለ ወተት ሲወራ ሰው ሁሉ ፊቱ የሚፈካው ለምን እንደሆነ አይገባኝም። በረት ውስጥ ገብቶ ያየ አይፈካም። በከተማ ግቢ እበት የሚሄድበት የለውም፤ እዚያው ይከመራል። ሽንቱ ከአተላው ጋር ተቀላቅሎ በጫማዬ ቀዳዳ ይገባል። በእበት የተለወሰው ጭራዋ ፊቴን ይገርፈኛል። ከዓይኗ ተነስቶ የበረረ ዝንብ መጥቶ ከንፈሬ ላይ ያርፋል። ኮሌጅ ስማር ጸጉሬን ሁለት ጊዜ ታጥቤ እንኳን ብሄድ፣ ከአጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ምንም ሳትል መስኮት ትከፍት ነበር። ጠረኑን ጠላሁት፤ ራሴንም አብሬ ጠላሁ።

ሜክሲኮ አካባቢ ከነበረው ኮሌጅ በጸሐፊነት ተመርቄ ናዝሬት ያለ አንድ ፋብሪካ ሲቀጥረኝ አለቀስኩ። ደብዳቤው እስከ ሐምሌ ሠላሳ ቀርቤ ሥራ እንድጀምር፣ ካልቀረብኩ ቦታው ለሌላ እንደሚሰጥ ይላል። ናዝሬት ማለት ለእኔ እበት የማይሸት አልጋ ማለት ነበር። ግን ላሟን ማን ይለባታል? ቀደም ሲል ሁለት አላቢ ቀጥረን ነበር፤ አንዱን ደረቱን ረገጠችው፣ ሌላው ባልዲው ከነወተቱ ተደፍቶበት በዚያው ቀረ። ወንድም ጋሼ ደግሞ እጁን እበት ከነካው ምሳ የማይበላ ሰው ነው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይሉታል እንዲህ ያለውን።

"አንቺ ለመሄድ ተዘጋጂ፤ አታስቢ" አለኝ። "እኔ ማሽን አመጣለሁ።"

ያለውን አደረገ። ከአንድ የተዘጋ የከብት እርባታ የወጣ፣ ያገለገለ የማለቢያ ማሽን ገዝቶ በጋሪ እያስገፋ በተክለ ሃይማኖት በኩል መጣ። አንድ ሞተር፣ አንድ ክዳን ያለው ባልዲ፣ ከባልዲው የሚወጡ ጥቁር የጎማ ቱቦዎች፣ በቱቦዎቹ ጫፍ ላይ አራት የብረት ኩባያዎች። ኩባያዎቹ ጡቶቿ ላይ ይጠለቃሉ፤ ሞተሩ አየር ሲስብ ወተቱ በቱቦው አድርጎ ባልዲው ውስጥ ይወርዳል። ቱቦዎቹን ሳጥባቸው ከውስጣቸው የቆየ ወተት እንደ ንፍጥ እየተዝለገለገ ወጣ፤ የየትኛው ዓመት ወተት እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ሰፈርተኛው አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ "ለአንዲት ላም ፋብሪካ ተከሉ!" እያለ ሳቀብን። እኔ አልሳቅኩም። ናዝሬት የሚያደርሰኝ እሱ ብቻ ነበር።

ላሟ ያኔ ከወለደች ገና ወር አልሞላትም። ወንድ ጥጃ ነው የወለደችው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት። እሷም እንደ ብዙዎቹ ዲቃላ ላሞች ጥጃዋ ቀድሞ ጡቷን ካልነካላት ወተቷን አትለቅም። ስለዚህ ስናልብ መጀመሪያ ጥጃው ትንሽ ይጠባል። ወተቱ ሲመጣ ከፊቷ አስረዋለሁ፤ እሷ እሱን ስትልስ እኔ ሦስቱን ጡት አልባለሁ። አራተኛው የጥጃው ነው፤ አይነካም። ይህን ሕግ እማዬ ከተወለደችበት ከሰላሌ ይዛው ነው የመጣችው። ከጥጃ አፍ የተነጠቀ ወተት በረከት የለውም ትላለች።

ማሽኑ ግን አራት አፍ ነበረው። በመጀመሪያው ቀን ሦስቱን ገጥሜ አንዱን ኩባያ ስተወው፣ የተተወው አየር እየማገ ጮኸ፤ ሌሎቹም አልይዝ ብለው እየወለቁ እበቱ ላይ ወደቁ።

"አራቱንም ግጠሚ" አለኝ ወንድም ጋሼ፣ ከበረቱ ውጭ ቆሞ።

"ጥጃውስ?"

"ፉርሽካ በውሃ በጥብጠን እንሰጠዋለን። ወንድ ነው፤ ምን ያደርግልናል?"

ገጠምኩ። አራቱም ያዙ። ሞተሩ ያጓራል፣ ባልዲው ይሞላል፣ እኔ እጄን አጣጥፌ ቆሜ አያለሁ። በስምንት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄ ደርቆ ከበረት ወጣሁ። ደስ አለኝ። ይህን መደበቅ አልፈልግም፤ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ከዚያ ወዲያ ጥጃው ወተቱን ለማስመጣት ብቻ ሁለት ጊዜ ይጎርስና በገመድ እጎትተዋለሁ። ማሽኑ ከጡቷ ሲወልቅ የሚተርፈው ባዶ ጡት ነው። ፉርሽካውን አልለመደም፤ አፍንጫውን ይነክርና ያስነጥሳል። በሳምንቱ ጎድኖቹ ተቆጠሩ። ከጅራቱ ሥር ቢጫ ተቅማጥ ደርቆ ዝንብ ሰፈረበት። የገመዱን ጫፍ ይጠባል፣ የበረቱን መጋረጃ ጨርቅ ይጠባል፣ እኔ ሳልፍ የቀሚሴን ጠርዝ ይዞ ይጠባል። ቀሚሴን ነጥቄ እሄድ ነበር፤ ምራቁ ስለሚያስጠላኝ።

እማዬ ጉልበቷ በረት ድረስ አያስኬዳትም። ግን አንድ ቀን ወተት እየሰፈረች ጠየቀችኝ።

"ጡቱን እየተውሽለት ነው አይደል?"

"አዎ እማዬ" አልኳት።

ሁለተኛ አልጠየቀችኝም፤ እኔም ሁለተኛ አልተናገርኩም። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኔ ግን ነቀዘ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ጠዋት ስገባ ጥጃው ገመዱን እንደጎረሰ ሞቶ አገኘሁት። ላሟ ጀርባውን እየላሰች ነበር። እማዬ ስትሰማ "ቆዳውን እንዳትጥሉት" አለች። በአገሯ ጥጃ ሲሞት ቆዳው ተገፎ ገለባ ይሞላና፣ ጨው ተቀብቶ እናቱ ፊት ይቆማል። ላሟ ጨውንና የልጇን ጠረን እየላሰች ወተቷን ትለቃለች። ለሰው ወተት ነው፣ ለእሷም ማጽናኛ ነው፤ ያንን የሚያደርጉት ግን ሞት ለወሰደው ጥጃ ነው እንጂ ሰው ላስራበው አይደለም።

ወንድም ጋሼ አፍንጫውን በሻርፕ ሸፍኖ ከግቢ ወጣ። እማዬ በዱላዋ እየተደገፈች መጣችና በተጣመሙት ጣቶቿ ቢላዋውን ያዘች፤ እኔ እግሮቹን ያዝኩላት። ሆዱ ሲከፈት ውስጡ የተኘከ ጨርቅ፣ የገመድ ክርና አረንጓዴ ውሃ ብቻ ነበር። የረጋ ወተት የሚባል ነገር የለም። ሰላሌ ላደገች ሴት ይህንን የሚያስረዳት አያስፈልግም። ቢላዋውን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ ቀና ብላ ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ "ወስፌና ሲባጎ አምጪ" አለችኝ።

እንደጨረስነው ማየት ቀፈፈኝ። ዓይን የለውም፣ አንገቱ ወደ አንድ ጎን ዘሟል፣ ሆዱ እንደ ጆንያ አፍ ተሰፍቷል፣ በእግሮቹ ቀዳዳ ገለባ ይወጣል። ግንባሩ ላይ ያለው ነጭ ግን ያው ነው። አቅፌ ወስጄ ፊቷ አቆምኩት። አሸተተችው። ላሰችው። ከዚያ ለልጇ ብቻ የምታሰማውን፣ ከጉሮሮዋ የሚወጣውን ዝቅ ያለ ድምፅ አሰማችው። ወተቷ ወረደ፤ ወንድም ጋሼም ሞተሩን አስነሳ።

ልጇን የገደልነው በዚያ ማሽን ነው። ማሽኑ ከኋላ ይጠባታል፣ እሷ ከፊት የልጇን ቆዳ ትልሳለች። እኔ መሃል ቆሜ ቆዳው እንዳይወድቅ እደግፋለሁ። በሕይወቴ የዚያን ያህል የዘገነነኝ ነገር የለም። ወተቱን እንደ ወትሮው ሸጥነው፤ ሰዎች አፍልተው ለሕፃናታቸው አጠጡት፤ እርጎ እንዳማረለት የነገረንም ነበር።

ወንድም ጋሼ አሁን ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብሎ አመነ። እኔም ለማመን ሞከርኩ፤ ቀን እየቆጠርኩ ነበርና። ክረምቱ ግን አላስተካከለልንም። ቆዳው አልደረቀ፤ በሳምንቱ ሸተተ። በስፌቱ መሃል ነጭ ትሎች ይርመሰመሱ ጀመር። አፍንጫዬን በነጠላ አስሬ እያቀፍኩ አወጣዋለሁ፣ ጨው እጨምርበታለሁ፣ መልሼ አቆመዋለሁ። ላሟ ትሉን ከነጨው ትልሰዋለች። ከዚያ በኋላ እጄን በኦሞ እስኪላጥ ብታጠብም እንጀራ ወደ አፌ ማስጠጋት አቃተኝ። ሐምሌ ሃያ ዘጠኝን ለሠላሳ አጥቢያ የሰፈር ውሾች በአጥሩ ሥር ሾልከው ገብተው ጎትተው ወሰዱት። ጠዋት ግቢው ውስጥ የተዘረገፈ ገለባና አንድ ጆሮ ብቻ አገኘን።

ቦርሳዬ ተዘግቶ በረንዳ ላይ ቆሟል። ንጹሕ ቀሚስ ለብሻለሁ፤ አውቶቡሱ የሚነሳው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ከበረት በኩል ሞተሩ በባዶው ሲያጓራ ይሰማኛል።

"እህቴ፣ እስቲ ዛሬን ብቻ!" ብሎ ተጣራ ወንድም ጋሼ።

ገባሁ። ግቷ ከመወጠሩ የተነሳ ያብረቀርቃል። ኩባያዎቹ አራቱም ይዘዋል፤ ባልዲው ውስጥ ጠብታ የለም። ላሟ ጥጃው ይቆምበት ወደነበረው ቦታ አንገቷን ዘርግታ ትጮኻለች። በዚያ ሁኔታ ሁለትና ሦስት ቀን ከቆየች ግቷ ይመረቅዛል፣ ወተቷም ይደርቃል፤ እሷ ከደረቀች ቤታችን የሚበላው የለም። እጅጌዬን ሰበሰብኩ፣ የጥጃው ጠረን ያልለቀቀውን ክንዴን በጨው አሸሁና አፍንጫዋ ሥር ዘረጋሁት።

ምላሷ እንደ ሞረድ ነው። ከአንጓዬ እስከ ክርኔ ላሰችኝ፤ ንፍጧና ለሃጯ በንጹሑ ቀሚሴ ላይ ተንጠባጠበ። ከዚያ ያንን ድምፅ አሰማችኝ፤ ለጥጃዋ የምታሰማውን። ወተቱ በቱቦው ውስጥ ሲወርድ አየሁት።

"ሠራ! ማሽኑ ሠራ!" ብሎ ጮኸ ወንድም ጋሼ።

ክንዴን ነጠቅኩ። ወተቱ ቆመ። መልሼ ስዘረጋው ወረደ። ደግሜ ሞከርኩት፤ ያው ነው።

ቀና ስል እማዬ በሩ ላይ ቆማለች። የጨው ጣሳውን ይዛ በእበቱ ውስጥ ቀስ ብላ መጣች፤ እፍኝ ዘግና በሌላኛው ክንዴ ላይ አሸችልኝ። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም።

"እንግዲህ ልጇ አንቺ ነሽ" አለችኝ።

አውቶቡሱ በሰዓቱ ሄደ። አመሻሹ ላይ የማለቢያ ሰዓት ሲደርስ እማዬ ጠራችኝ፤ የበረት ልብሴን ለብሼ ሄድኩ።