ለጎረቤቴ የተሸከምኩት ድንጋይ

ያን ዕለት ጠዋት የፍላታችን ጣራ ላይ ቁጭ ብዬ ዛላ በርበሬ እቀነጥስ ነበር። ቅዳሜ ነው። በቅዳሜ መፍጨቱ እንጂ መቀንጠሱ ምን አለው ብዬ ራሴን አታልያለሁ። ራሴን ማታለል እችልበት ነበር። እንደምነግርሽ ጻፊው፣ የኔ ልጅ፣ አታሳምሪው። አንቺ ተምረሻል፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የሠራሁትን ግን አውቀዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ የማርያም ማኅበር እኔ ቤት ነበር፣ ጽዋው ደርሶኛል። ቀኑ ሃያ አንድ ቢሆንም እዚህ ናይሮቢ ሰው ሥራ ስለሚይዘው ወደ ቅዳሜ እናዞረዋለን። ወጡ ተሠርቷል፣ ጠላው ደርሷል፣ ቤቱ ተጠርጓል። በርበሬውን ያወጣሁት እጄ ሥራ እንዳይፈታ ነው። እጄ ሥራ ሲፈታ ልቤ ይናገረኛል።

ያን ቀን ግን እጄም እምቢ አለኝ። አንድ ዛላ ይዤ፣ ጭራውን ሳልቆርጥ፣ ፀሐዩ ፊቴ ላይ እስኪዞር ድረስ ቁጭ አልኩ። ከዚያ «በቃ፣ ዛሬ ነው» ብዬ ተነሳሁ። በርበሬውን ሸራው ላይ እንደተሰጣ ትቼ ድንጋይ ፍለጋ ወረድኩ።

ድንጋዩን ለምን እንደፈለግሁት እንዲገባሽ ከኋላ ልጀምርልሽ።

ያኔ አንቺ አምስት ዓመትሽ ነበር። ከእናትሽ ጋር ሦስታችን አራተኛ ፎቅ ላይ፣ እዚሁ ፓርክላንድስ ሰፈር። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ያገራችን ሴት ትኖር ነበር፣ ባሏ ስደት ላይ ሞቶባት ብቻዋን የመጣች። እኔም እሷም ሥራችን ባልትና ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምጥን እናዘጋጃለን፣ ያበሻ ምግብ ቤቶች ይወስዱልናል። እሷ ሳትመጣ እኔ ብቻ ነበርኩ። እሷ መጣች፣ ሰው ቀመሰ፣ ወደ እሷ ሄደ። አንዱ የምግብ ቤት ባለቤት ፊት ለፊቴ ቆሞ፣ «እማማ፣ አይቀየሙኝ፣ የእርስዎም ጥሩ ነው፣ የሷ ግን ጣት ያስቆረጥማል» አለኝ። ሳቅሁለት። ቤቴ ገብቼ የሽሮውን ጣሳ ወረወርኩት።

እሷ አታውቅም። ደረጃ ላይ ስንገናኝ «እትዬ፣ እንዴት አደሩ?» ትለኛለች። እኔ ጥርሴን ነክሼ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላታለሁ።

አንድ ቀን ደረጃው ላይ ብስኩት ሰጠችሽና «እንዴት ታምሪያለሽ!» አለችሽ። በማግስቱ ትኩሳት ያዘሽ። እህል አልቀምስ አልሽ፣ ዓይንሽ ፈዘዘ። በሦስተኛው ቀን ማኅበር ነበረ፣ እኔ ለጸሎት ብዬ ሄድኩ። እሷ ገና አልደረሰችም። ሴቶቹ «ልጅቷ እንዴት ናት?» አሉኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩ። «ደህና የነበረች ልጅ። አንዷ ብስኩት ሰጥታ እንዴት ታምሪያለሽ ባለቻት ማግስት ወደቀችብኝ።»

«የቷ ናት?»

«ተዉኝ እባካችሁ፣ በሰው ነፍስ አታስገቡኝ።»

አየሽ? ቡዳ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። አላስፈለገም። ደረጃችን ላይ ያለችውን ያበሻ ሴት ሁሉም ያውቃታል። ትንሽ ቆይታ እሷ ስትገባ፣ አጠገቧ ያለችው ሴት ምንጣፍ ላይ የተኛ ልጇን ብድግ አድርጋ ታቀፈች። እኔ አየሁ። እሷም አየች። ራቅ ብላ ተቀመጠች።

ሐኪም ቤት ስንወስድሽ ታይፎይድ ነው ተባለ። ውሃ እያፈላችሁ ጠጡ አሉን፣ መድኃኒት ሰጡሽ፣ ዳንሽ። እኔ ሐኪሙ ያለኝን ለማኅበርተኛው አልተናገርኩም። ሲጠይቁኝ «ማርያም ማረችልኝ» እላለሁ። ውሸት አይደለም። ግን ከውሸት ይብሳል።

በሁለተኛው ወር ጽዋው ለሷ ደረሳት። በሯን ከጠዋት ጀምራ ከፍታው ዋለች፣ የወጡ ሽታ እስከ አራተኛ ፎቅ ይደርሳል። አንድ ሰው አልመጣም። አንዷ ራሴን አመመኝ አለች፣ አንዷ እንግዳ መጣብኝ አለች። እኔ «ጉልበቴን» አልኩ። በዚያ ጉልበቴ ሦስት ጊዜ ወጥቼ ወርጃለሁ፣ በሩ ክፍት መሆኑን ለማየት። የማኅበሩ ቄስ ብቻ መጥተው ባርከው፣ በልተው ሄዱ። ወደ ማምሻው ምግቡን በሙሉ ለግቢው ዘበኞችና ለኬንያውያን ጎረቤቶች አበላች። በሉ፣ መረቋት፣ ማንም አልታመመም። በሚቀጥለው እሁድ ጽዋውን ቤተ ክርስቲያን መልሳ ከማኅበሩ ቀረች።

ምግብ ቤቶቹ ወደ እኔ ተመለሱ። ቡዳ የነካውን በርበሬ ማን ይበላል? እሷ በጠዋት ማታቱ በሚሉት ታክሲ እየተሳፈረች ሀብታሞቹ ሰፈር፣ ሩንዳ፣ የሰው ልብስ ልታጥብ መሄድ ጀመረች።

እኔስ? እኔ ሰገድኩ። ጉልበቴ እውነትም እስኪያብጥ ሰገድኩ። የማይጾመውን ጾምኩ። ሰው ሊቆርብ ሲቀርብ ግን ከዓምዱ ኋላ እቆማለሁ። በኔ ዕድሜ ያሉት ሁሉ ይቆርባሉ፣ እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ጀርባቸውን አያለሁ። አራት ዓመት እንዲህ ሆኜ ኖርኩ። እንዲህ ሆኜ መሞትን ነበር የፈራሁት።

ከዚያ ያ የምርጫው ረብሻ መጣ። አንቺም ታስታውሽዋለሽ፣ ዘጠኝ ዓመትሽ ነው። መንገዱ ተዘጋ፣ ሱቅ ተዘጋ፣ እናትሽ ሥራ ቦታዋ ተይዛ ቀረች። ዱቄት አለቀብን፣ ዘይት አለቀ። ሽሮ ብቻ ተሞልቷል፣ ያለ እንጀራ ሽሮ ምን ያደርጋል። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ በራችን ተንኳኳ። እሷ ናት። በጨርቅ የተጠቀለለ ትኩስ ዳቦ ይዛለች።

«ለልጅቷ ነው» አለችኝ። «ከፈሩ በስመ አብ ብለው ይስጧት።» ይህን ብላ መልሴን ሳትጠብቅ ወረደች።

ዳቦውን ቆርሼ ሰጠሁሽ። እኔም በላሁ። ጠግበሽ እጅሽን ስትልሺ ነው ትዝ ያለኝ። አላማተብኩም። በስመ አብ አላልኩም። በልቤ አንዲት ፍርሃት አልነበረችም። እንግዲህ አያትሽ በዓለም ላይ ያላትን አንድ የልጅ ልጅ፣ ቡዳ ናት ካለቻት ሴት እጅ ታበላለች? አራት ዓመት ሙሉ «ምናልባት እውነት ይሆናል» እያልኩ የተደገፍኩባት ግድግዳ ያን ቀን ፈረሰች። አንድም ቀን አምኜው አላውቅም። በርበሬዋ ከኔ ስለተሻለ ነው ሰው የገደልኩት።

መንገዱ ሲከፈት ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ቅናቴንም ጭምር።

«አባ፣ ስንት ልስገድ?» አልኳቸው።

«ሰግደሽ ሰግደሽ፣ ያቺ ሴት ቤት አንድ ሰው ገባላት?»

«አልገባም።»

«እንግዲያው ስግደት አልሰጥሽም። የት ነው የተናገርሽው?»

«ማኅበር ላይ።»

«እዚያው ማኅበር ላይ ትመልሽዋለሽ። መጀመሪያ ግን እሷ ደጅ።»

«ብታባርረኝስ?»

«መብቷ ነው። አንቺ ሂጂ።» ከዚያ ቀስ አሉና፣ «ክርስቶስ የሞተው ትንሽ ላጠፋ ሰው ነው ብለሽ ነው? ላንቺም ነው የሞተው። ግን የደበቅሽውን አይወስድልሽም፣ አውጥተሽ ስጪው» አሉኝ።

አውጥቼ ለመስጠት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ያ ቅዳሜ የመጨረሻው ነበር። እኔ ቤት ማኅበር አብልቼ አጠጥቼ፣ እሷ ከታች ብቻዋን ተቀምጣ፣ ሌላ ወር ሊያልፍ ነው። አላሳልፈውም አልኩ።

ባገራችን ትልቅ በደል የበደለ ሰው ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ የበደለው ሰው ደጅ ይቆማል። የተበደለው ከማረው ድንጋዩን በእጁ ያነሳለታል። ካልማረው ተሸክሞ ይመለሳል። እዚህ ከተማ ድንጋይ ከየት ይመጣል? ከግቢያችን አጠገብ ሕንጻ ይሠሩ ነበር፣ እዚያ ሄጄ አንድ የማነሳውን መረጥኩ። ሠራተኞቹ አዩኝ፣ ሳቁ፣ ተዉኝ።

በሩ ላይ ዘበኛው ደነገጠ። «ሾሾ፣ ጂዌ ያ ኒኒ?» አለኝ፣ አያቴ ድንጋይ ለምን ነው ማለቱ ነው። ለሱ በየት በኩል ላስረዳው? «ያንጉ» አልኩት፣ የኔ ነው። ደግ ሰው ነው፣ አሮጊት ድንጋይ ተሸክማ አይቶ ዝም አይልም፤ መጥቶ ከአንገቴ ሊቀበለኝ ያዘው። እሱ ይጎትታል እኔ እጎትታለሁ። «ዋቻ!» ብዬ ጮህኩበት፣ ተው! እጁን ወደ ላይ አድርጎ ቆመ። ይህን ሲያዩ የሠራተኞቹ ሳቅ ባሰ።

ደረጃውን ስወጣ በየእርከኑ ቆምኩ። አንገቴ ነደደ። ጌታ ያልሠራውን ነው የተሸከመው፣ እኔ የሠራሁትን መሸከም እንዴት ያቅተኛል አልኩ። ተራመድኩ።

በሩን ስትከፍት እጇ የሳሙና አረፋ ነው። እኔን አየች፣ ድንጋዩን አየች።

«ለእግዚአብሔር ብለሽ ማሪኝ» አልኳት። «ቡዳ ያስባልኩሽ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች።

«ውሸቴን ነው።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

ድንጋዩን እስክታነሳልኝ አጎንብሼ ጠበቅሁ። ሽማግሌ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ ሲቆም የሚያስችለው የለም፣ ሮጦ ነው የሚያነሳው። እሷ አላነሳችም።

«እኔ አራት ዓመት ተሸክሜዋለሁ» አለችኝ። «እርስዎ ትንሽ ይቁሙ።» ገባች። ልብሷን ስታለቀልቅ፣ ስትጨምቅ፣ አንድ በአንድ ስታሰጣ ይሰማኛል። ድንጋዩ ከበደኝ። አላወረድኩትም። ነጠላዋን ለብሳ ወጣች።

«ማኅበሩ ዛሬ እርስዎ ጋ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ለነሱ ይንገሯቸው። እኔማ ቡዳ አለመሆኔን አውቃለሁ።»

እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላ፣ አራተኛ ፎቅ ወጣን። ቆይታችን ረዝሞ ኖሮ ሴቶቹ ገብተዋል፣ እናትሽ አስቀምጣቸዋለች፣ ቄሱም መጥተዋል። እኔን በድንጋይ፣ እሷን በነጠላ ሲያዩ ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቄሱ አንገታቸውን ደፉ። አንዲት አፏ የማያርፍ ነበረች፣ «ውይ እትዬ፣ አውርጂው እባክሽ፣ ያለፈ ነገር ነው፣ ወጡ ይቀዘቅዛል» አለች። ሳቅ አሉ።

«አላለፈም» አልኩ። «ይቺን ሴት ቡዳ ያስባልኳት እኔ ነኝ። የልጄን ልጅ የያዛት ታይፎይድ ነው፣ ሐኪሙ በሳምንቱ ነግሮኛል። እያወቅሁ ደበቅኋችሁ። ጽዋ ደርሷት በር ከፍታ ስትውል ጉልበቴን አላመመኝም።» እዚህ ድረስ ቀሎኝ ነበር። የቀረችው አንዲት ቃል ነች ላብ ያጠመቀችኝ። «በርበሬዋ ከኔ ስለሚሻል ነው» አልኩ።

ከኋላዬ ሁለት እጅ መጣና ድንጋዩን ከአንገቴ አነሳው።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች። ቄሱ «ይፍታሽ» አሉኝ። ያቺ ያኔ ልጇን ያቀፈችው ሴት ተነስታ ቦታዋን ለቀቀችላትና አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች። እያለቀሰች ነበር።

ከበላን በኋላ ቄሱ «ለሚመጣው ወር ጽዋውን ማን ይወስዳል?» ሲሉ እሷ እጇን ዘረጋች። «እኔ። የሚቀር ሰው ካለ ድንጋዩ እኔ ጋ ነው።» ያኔ ነው ሁላችንም ከልብ የሳቅነው። በወሩ አንድ ሰው አልቀረም። ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነበርኩ።

ምግብ ቤቶቹ ዘንድም በእግሬ ሄድኩ፣ እያንዳንዱ ጋ ገብቼ እውነቱን ተናገርኩ። አንዱ ሰደበኝ፣ ይገባኛል። ከዚያ በኋላ ቆረብኩ። ከዓምዱ ኋላ ወጥቼ ከሌሎቹ ጋር ተሰለፍኩ። ድንጋይ ስለተሸከምኩ የዳንኩ እንዳይመስልሽ፣ የኔ ልጅ። ያዳነኝ ጌታ ነው። እኔ ያደረግሁት እጄን መዘርጋት ብቻ ነው፣ እጄ ደግሞ በዚያ ውሸት ተይዞ ነበር። ዛሬም ምላሴ ሊያመልጠኝ ይነሳል። እይዘዋለሁ።

በሳምንቱ ጣራው ላይ በርበሬዬን አስጥቼ ነፋሱ ሸራውን እየገለበጠ ያስቸግረኛል። እሷ የራሷን በርበሬ ተሸክማ ወጣች፣ በሌላው እጇ ያን ድንጋይ ይዛለች። ድንጋዩን የሸራዬ ጥግ ላይ ጫነችልኝና አጠገቤ ተቀመጠች። አጠገቤ ጣሳ ውስጥ ካለው የተፈጨ በርበሬዬ በጣቷ ጫፍ ቆንጥራ ቀመሰች፣ አላመጠች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

«እትዬ» አለችኝ፣ «ኮረሪማ ታበዢያለሽ። ያኔም ልነግርሽ ፈልጌ ነበር።»